ከደሴ የሚነሳ መንገደኛ ምን ዓይነት ሻንጣ ይግዛ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሻንጣና ቦርሳ እጠግናለሁ። ዚፕ እቀይራለሁ፣ ጎማ እገጥማለሁ፣ የተበጠሰ ማንገቻ እሰፋለሁ። መስከረም ሲጠባ ሥራው ይበዛል፤ ተማሪው ለትምህርት፣ ምእመኑ ለግሸን ማርያም ይነሳል። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ልጆች ግን ወቅት የላቸውም፤ ዓመቱን ሙሉ ይመጣሉ።

እጄ ላይ ከሚደርሰው ሻንጣ ብዙው አዲስ ነው። አንድ ደርሶ መልስ ብቻ ያየ፣ አንዳንዴም ከሱቅ ወጥቶ መናኸሪያ ሳይደርስ እጀታው የተነቀለ። ባለቤቱ "መናኛ ዕቃ ሸጡልኝ" ይላል። አንዳንዱ በእርግጥ መናኛ ነው። ብዙው ግን ለሌላ ዓይነት መንገድ የተሠራ ሻንጣ ነው። ስለዚህ ምን ልግዛ ብሎ የሚያማክረኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መንገዱ ነው። በምን ትሄዳለህ? ዕቃህን ማን ይጭነዋል? ከወረድክ በኋላ ምን ያህል በእግርህ ትሄዳለህ? ከመንገዱ ሁሉ የሚከፋው ቦታ የቱ ነው? ሻንጣ መመረጥ ያለበት ለዚያ ለሚከፋው ቦታ ነው፤ ደህናውን ቦታማ ማንኛውም ሻንጣ ያልፈዋል።

ጎማው

የሻንጣ ጎማ የተፈጠረው ለአየር ማረፊያ ወለል ነው። በርናርድ ሳዶው የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970 አየር ማረፊያ ውስጥ ከባድ ሻንጣዎች ይዞ ሲቸገር፣ አንድ ሠራተኛ ከባድ ማሽን በባለጎማ ሳንቃ ላይ እየገፋ ሲያልፍ ያያል። ሐሳቡ የመጣለት ያኔ ነው፤ የፈጠራ መብቱን በ1972 አገኘ። እጀታው ከላይ ተስቦ የሚወጣውን፣ በሁለት ጎማ ዘንበል ተደርጎ የሚጎተተውን ሻንጣ ደግሞ በ1987 ያመጣው ሮበርት ፕላዝ የተባለ የአውሮፕላን አብራሪ ነው። ሁለቱም በዓይናቸው የነበረው ለስላሳ ወለል ነው።

የኛ ከተማ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ናት። ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር ሲገባ ወይ አቀበት ነው ወይ ቁልቁለት፣ መሬቱም ኮብልስቶን ነው። አራት ጎማ ያለው፣ በየአቅጣጫው የሚሽከረከረው ሻንጣ እዚህ ላይ ይሸነፋል። ጎማዎቹ ትናንሽ ስለሆኑ በድንጋዮቹ መሐል ይቀረቀራሉ፤ ጎማውን የያዘችው ቀጭን አንገት በጎን ስትመታ ትሰበራለች። ጎማው ተሰብሮ ከሚመጣልኝ ሻንጣ አብዛኛው ይኸው ባለአራት ነው። በዚያ ላይ ተዳፋት ቦታ አቁማችሁ ለባጃጅ ሒሳብ ስትከፍሉ ሻንጣው ቁልቁል ይሄዳል፤ ሆጤ ወይም ቧንቧ ውኃ የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል።

ስለዚህ በአብዛኛው በአውቶቡስና በእግር ለሚሄድ ሰው ሁለት ጎማ ያለውን እመርጥለታለሁ። የጎማው ግማሽ በሻንጣው አካል ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ በጎን አይመታም። ስታቆሙትም ከፊት ባሉት እግሮቹ ይቆማል። አራት ጎማ የሚገባው ከቤቱ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ድረስ በመኪና ለሚሄድ፣ ከዚያም ቦሌንና ዱባይን ወይም ጅዳን ለሚያቋርጥ ሰው ነው። ለዑምራ ለሚሄዱ፣ ጉልበታቸው ለደከመ እናቶች ምንጊዜም አራት ጎማ ነው የምመክረው፤ ከጎናቸው አድርገው በአንድ እጅ እየገፉት ይሄዳሉ፣ ክንዳቸውን አይጎትታቸውም።

ሱቅ ውስጥ ሻንጣውን ገልብጡት። እያንዳንዱን ጎማ በጣታችሁ አዙሩ፤ ሳይንገጫገጭ ረዘም ላለ ጊዜ መዞር አለበት። ጎማውን ይዛችሁ ግራ ቀኝ ወዝውዙት፤ ትንሽ ቢነቃነቅ ችግር የለውም፣ ከነመቀመጫው የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ተዉት። በጥፍራችሁ ስትጫኑት ትንሽ የሚሰረጉድ ላስቲክ ነው፤ ድንጋይ ላይ ድምፁም መንገጫገጩም ይቀንሳል። ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ ኮብልስቶኑ ዳሩን ቶሎ ይሸራርፈዋል። ጎማው ትልቅ በሆነ ቁጥር ጉድጓዱን በቀላሉ ያልፈዋል።

አሁን ሻጭ የማይነግራችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎማው የተያዘው በሚፈታ ብሎን ነው ወይስ በሪቬት፣ ተመትቶ በሚቀረውና በማይፈታው ምስማር? ብሎን ከሆነ ሲሰበር ፈትቼ ሌላ እገጥምላችኋለሁ፤ ሪቬት ከሆነ መቦርቦር ይፈልጋል። ሻንጣውን ክፈቱና ውስጡን ገበር እዩ። ገበሩ ላይ ዚፕ ካለ ጎማውና እጀታው የታሰሩበት ቦታ ድረስ እጅ ይገባል። ገበሩ ዙሪያውን ተሰፍቶ የተዘጋ ከሆነ ለጥገና መቀደድ አለበት። ሁለት ተመሳሳይ ሻንጣ ፊታችሁ ቢቀርብ ዚፕ ያለውን ገበር ውሰዱ።

ዚፑ

ሻንጣ የሚሞተው በዚፑ ነው። ጨርቁ ቢቀደድ ይሰፋል፤ ዚፑ መንገድ ላይ ከከዳ ግን ያላችሁ ሲባጎ ብቻ ነው።

ተስቦ የሚሄደውን የዚፑን ራስ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ቁጥር ተቀርጾበታል። 5፣ 8 ወይም 10 ይሆናል። ቁጥሩ የተዘጋው ጥርስ በሚሊ ሜትር ስንት ያህል እንደሚሰፋ ይናገራል። ለትንሽ የእጅ ቦርሳ 5 ይበቃል። 20 ኪሎ ለሚሸከም ሻንጣ ከ8 በታች አልቀበልም፣ 10 ከተገኘ ደግሞ እሰየው። ዋይ ኬ ኬ የሚል ጽሑፍ ያለው ዚፕ የጃፓን ኩባንያ ሥራ ነው፣ ከ1934 ጀምሮ ያለ፣ በእጄም ብዙ ጊዜ ያለፈና የማምነው ነው። ነገር ግን ስሙን አስመስሎ የሚቀርጽ ስላለ በፊደሉ ብቻ አትርኩ፤ ሳቡት። ሻንጣውን ሞልታችሁ፣ ባዶውን ሳይሆን ሞልታችሁ፣ በማዕዘኖቹ በኩል አዙሩት። ባዶ ሻንጣ ላይ የማይሄድ ዚፕ የለም። ሱቁ ውስጥ የተደረደሩትን ልብሶች ወይም ካርቶኖች ለአፍታ እንዲያስገቡላችሁ ጠይቁ፤ የሚሸጠውን ዕቃ የሚያውቅ ነጋዴ እምቢ አይልም።

ስፌቱንም እዩ። ዚፑ ከጨርቁ ጋር በአንድ መስመር ብቻ ከተሰፋ ማዕዘኑ ላይ ይለቃል። ሁለት መስመር መሆን አለበት።

የናይለን ዚፕ በእስክሪብቶ ጫፍ ተወግቶ ይከፈታል፤ ከዚያ የዚፑ ራስ ሲመለስበት ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይዘጋል። ሁለቱን የዚፕ ራሶች በቁልፍ ማያያዝ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፣ ተያይዘውም ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉና። ቁልፉን ከሻንጣው የጎን መያዣ ጋር አብራችሁ ቆልፉት፤ ራሶቹ ካልተንቀሳቀሱ የተወጋው ዚፕ መልሶ አይገጥምም፣ ሻንጣችሁን ስትረከቡ ወዲያው ታውቃላችሁ።

ደረቅ ወይስ ጨርቅ

ወጣቶቹ የሚያብለጨልጨውን ደረቅ ሻንጣ ይወዱታል። ክፉ አይደለም፤ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ከውስጥ በኩል ያለች ትንሽ ወረቀት ላይ ፖሊካርቦኔት፣ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ኤቢኤስ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲጫኗቸው ይሰረጉዱና ይመለሳሉ። ኤቢኤስ ርካሽና ደረቅ ነው፤ በማዕዘኑ ሲወድቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁን ደግሞ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው በትክክል ልንመልሰው አንችልም። ወረቀቱ ከሌለ ሰፊውን ፊት በመዳፋችሁ ጫን አድርጉት። ሳይንጣጣ ገብቶ ከተመለሰ ደህና ነው።

የጨርቅ ሻንጣ ላይ ዴኒየር የሚባል ቁጥር ታገኛላችሁ። 9,000 ሜትር የሚሆነው የዚያ ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ማለት ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ክሩ ይወፍራል። በገበያው የተለመደው 600 ነው፣ 1,680 ያለው ጠንካራ ነው፣ ክብደቱ ግን ይጨምራል።

በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ፍርዴ ግልጽ ነው፦ ጨርቅ። ዕቃው ጣሪያ ላይ ከተጫነ ረዳቱ በገመድ ጠፍንጎ ያስረዋል፤ ጨርቁ ይታጠፍለታል፣ ደረቁ ግን ከገመዱ ጋር ይታገላል። ከታች ባለው የዕቃ ክፍል ከገባም የሌላው ሰው ጆንያ ይጫነዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጨርቅ ውኃ ያስገባል፤ "ውኃ አያስገባም" ቢባል እንኳ ዚፑና ስፌቱ ያስገባሉ። ልብሱን በሁለት በሦስት ትልልቅ ኩርቱ ፌስታል ከፋፍላችሁ ቋጥሩና ከዚያ ሻንጣው ውስጥ አስገቡት። በበጋ ያው ፌስታል ከአቧራ ይጠብቃችኋል።

ክብደትና ልክ

ለሚበር ሰው የሻንጣው የራሱ ክብደት ከኪሱ ይከፈላል። ብዙ አየር መንገዶች በኢኮኖሚ ክፍል አንዱን ሻንጣ በ23 ኪሎ ይወስኑታል። ባዶውን 5 ኪሎ የሚመዝን ሻንጣ ከገዛችሁ የቀራችሁ 18 ነው፤ 3 ኪሎ የሚመዝን ከገዛችሁ 20። ያቺ የ2 ኪሎ ልዩነት አንድ ሙሉ ፌስታል በርበሬ ናት። ትኬታችሁ ላይ የተፈቀደው በቁራጭ ነው ወይስ በጠቅላላ ኪሎ የሚለውን አንብቡ ወይም አስነብቡ፤ ሁለት ሻንጣ በ23 ኪሎ ማለትና በጠቅላላው 20 ኪሎ ማለት በጣም ይለያያል። ነጠላ ሻንጣ ከ32 ኪሎ ከበለጠ በአብዛኛው ተጨማሪ ብትከፍሉም አይጫንላችሁም፣ ከፋፍሉ ትባላላችሁ።

ልክም አለው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ውፍረቱ ተደምሮ፣ ጎማውና መያዣው ጭምር፣ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ነው የተለመደው ደንብ። ገበያ ላይ ባለ 28 (ኢንች ማለት ነው) የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ባለ 32 የሚባለው ያልፋል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ የነጋዴውን ቃል አትጠብቁ። እናቶች ሁሌ ትልቁን ይመርጣሉ፣ ልጅ ጎደለኝ እንዳይል። ልባቸው ይገባኛል፤ ግን ትልቅ ሻንጣ ካለ ይሞላል፣ ሲሞላ ደግሞ ልኩን ያልፍና አየር ማረፊያ ወለል ላይ ተዘርግቶ ሰው እያየ ይራገፋል። መካከለኛውን ግዙ።

ቤት ውስጥ ሚዛን ካለ መጀመሪያ ራሳችሁን ተመዘኑ፣ ቀጥሎ ሻንጣውን አቅፋችሁ ተመዘኑ፣ ልዩነቱን ውሰዱ። ከሌለ የምታውቁት ባለ እህል መደብር ሚዛኑን አይከለክላችሁም።

ኮምቦልቻ ለሚሳፈሩ፦ ከዚያ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ባለፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫው ጠባብ ነው፤ በትልቅ አውሮፕላን የሚገባ ባለጎማ የእጅ ሻንጣ እዚያ ላይገባ ይችላል። ከመቀመጫ ሥር የሚገባ፣ የሚተጣጠፍ የጨርቅ ቦርሳ ይሻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ወደ ውስጥ እንዲገባ የሚፈቅደው 7 ኪሎ ነው። ፓወር ባንክ የግድ በእጅ ቦርሳ ነው የሚሄደው፣ በተጫነው ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ያስወጡታል፤ ልኩም 100 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 27,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ነው። ባለ 20,000ው ያልፋል፣ አብሽሩ።

ቅቤውና በርበሬው

ወሎየ ባዶ እጁን አይሄድም፣ ስለዚህ ይህን መዝለል አልችልም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ቅቤው ጠዋት ስታሽጉት እንደ ድንጋይ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ይላላል፣ ከሚሴና ሸዋ ሮቢት ላይ ዘይት ይሆናል፣ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥታችሁ መልሶ ሊረጋ ይጀምራል። የፈሰሰው ፈስሶ ነው የሚረጋው። ቅቤ የነካው የሻንጣ ገበር ሽታው አይወጣም፣ ቀይሬው አውቃለሁ እንጂ አጥቤው አላውቅም።

ቅቤውን አንጥራችሁ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙት። አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ በጥምዝ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጉ፣ እስከ አፉ አትሙሉት። ክዳኑን በፕላስተር ዙሩበት፣ በሁለት ፌስታል ለየብቻ ቋጥሩ፣ ከሻንጣው መሐል በወፍራም ልብስ ከበባችሁ አቁሙት። ዳር ላይ አይሁን፤ ዳሩ ነው የሚመታው። ማርም እንዲሁ ነው። በርበሬና ሽሮ ስለማይፈሱ ሰው ይዘናጋል፤ ዱቄቱ ግን ዚፕ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ያንቀዋል። ድርብ ፌስታል ያስፈልጋቸዋል። ድርቆሽ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይሁን።

ቅቤና ማር በእጅ ቦርሳ ወደ አውሮፕላን አይገቡም፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆኑ እንደ ፈሳሽ ተቆጥረው ፍተሻ ላይ ይቀራሉ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ከውጭ በመንገደኛ የሚገባ ሥጋና የወተት ውጤት አያስገቡም፤ እዚያ ላለ ልጅ ቅቤ ከማሸግ በርበሬውን አብዙለት።

ወደ ዓረብ አገር ለምትሄዱ ልጆች

ትልቁ ሻንጣ ከእጃችሁ ይለያል። የምትሠሩበት ቤት ስትደርሱም ሌላ ሰው ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ ከሻንጣው በፊት ስለ ኪሱ አስቡ። ከልብስ ሥር የሚታሰር ጠፍጣፋ ኪስ እሰፋለሁ፤ ለመንገደኛ ልጅ ገንዘብ አልቀበልበትም። ስፋቱ ፓስፖርት የሚይዝ ነው፣ ጨርቁ ላብ የሚመጥ ጥጥ ነው፣ ማሰሪያው ድርብ ነው። ውስጡ ፓስፖርቱ፣ የሥራ ውሉ ቅጂ፣ የቤተሰብና እዚያ ያለው ኤምባሲያችን ስልክ በወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ ይቀመጥ። ስልክ ይጠፋል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ይወሰድማል። ወረቀቱን ሁለት አድርጉት፣ አንዱ ሻንጣው ገበር ውስጥ ይሁን።

አየር ማረፊያ ላይ "ይህችን ብቻ ያዥልኝ፣ እዚያ የሚቀበልሽ አለ" የሚላችሁ ሰው ይኖራል። የማታውቁትን፣ ራሳችሁ ከፍታችሁ ያላያችሁትን ዕቃ አትያዙ፣ የአገራችሁ ልጅ ቢሆንም። ሻንጣችሁ ውስጥ የተገኘው ሁሉ የእናንተ ነው የሚባለው።

ሻንጣው ጥቁር ከሆነ መያዣው ላይ ደማቅ ጥለት ያለው ጨርቅ እሰሩበት፣ በሚዞረው ቀበቶ ላይ ከሩቅ ይለያል። ስማችሁንና ስልካችሁን ከውጭም ከውስጥም ጻፉ። ሻንጣውን ለጭነት ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።

ግሸን ለሚወጣ

ለመስከረም 21 ግሸን የሚሄድ ሰው ባለጎማ ሻንጣን ይርሳው። አምባው በእግር ነው የሚወጣው። የጀርባ ቦርሳ ያስፈልጋል፣ እሱም ወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ ያለው። ቀበቶው ክብደቱን ከትከሻ አውርዶ ዳሌ ላይ ያደርገዋል፤ ቀጭን ገመድ ከሆነ ግን ማስዋቢያ ነው። ማንገቻው ወፈርና ሰፋ ያለ፣ ደረት ላይ የሚገናኝ ማያያዣ ያለው ይሁን። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተገናኘበትን ቦታ እዩ፦ ስፌቱ አራት ማዕዘን ሆኖ በመሐሉ መስቀል ከተሰፋበት ይሸከማል። ከባዱን ነገር ወደ ጀርባችሁ ጠጋ አድርጋችሁ መሐል ላይ ጫኑ፣ ጋቢውን ከላይ። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢ ፍለጋ ቦርሳ ሙሉ መዘርገፍ አይገባም።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ሻንጣውን ጨርቁ እርጥብ እንደሆነ ዘግታችሁ አልጋ ሥር አትክተቱ። የደሴ ጉም ወራት ገበሩን ያሻግተዋል፤ ከፍታችሁ ሁለት ቀን አናፍሱት። ጎማው ላይ የተጠመጠመውን ፀጉርና ክር በመቀስ ጫፍ አውጡ፣ ጎማ እንዳይዞር የሚያደርገው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ዚፑ ሲከብድ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጠርጉና ጥርሱ ላይ ሻማ አሹበት፤ ዘይት አትቀቡ፣ አቧራ ይሰበስባል። ዚፑ ከኋላው እየተከፈተ ከመጣ ጥርሱ አልተበላሸም፣ የዚፑ ራስ ሰፍቶ ነው፦ በፒንሳ ሁለቱን ጎኖች በየተራ ቀስ አድርጋችሁ ጫን በሉት። ካልያዘ ራሱን ብቻ ማስቀየር ይቻላል፣ ሙሉ ዚፕ እንድትከፍሉ ማንም አያስገድዳችሁ።